በኡራኤል ሠፈር ስለሚገኘው ደቃቅ ፕላስቲክ

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው በዐይን ለማየት እጅግ ስለሚያስቸግር ነገር ነው። ነገሩ በውሃ፣ በአፈር፣ በአቧራና በምግብ ውስጥ የሚገኝ የፕላስቲክ ስብርባሪ ሲሆን፣ ሊቃውንት «ማይክሮፕላስቲክ» ብለው ይጠሩታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ደቃቅ ፕላስቲክ» እንለዋለን። ስለዚህ ነገር በየጊዜው ከሚጻፈው አብዛኛው ስለ ባሕርና ስለ ውቅያኖስ ነው። ሀገራችን ግን የባሕር በር የላትም። ከዚህም የተነሣ የምናጠናውን ለጓደኞቻችን በነገርናቸው ጊዜ አንዳንዶቹ «ባሕር የሌለውን ሰው የባሕር ቆሻሻ ምን አስጨነቀው?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህም ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው ለማለት ይቻላል።

ለጥናታችን የመረጥነው ቦታ የኡራኤል ሠፈር ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ሱቅ፣ ቢሮ፣ ሆቴልና መኖሪያ ቤት በአንድነት ተጠጋግተው የሚገኙበት ሠፈር ስለ ሆነ የከተማውን ኑሮ በትንሽ ቦታ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ከከተማው ታላላቅ መንገዶች አንዱ በመካከሉ ያልፋል። ሦስተኛ፣ የቀበና ወንዝ በአጠገቡ ስለሚወርድ ከሠፈሩ የወጣው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ለመከታተል ይመቻል። ሥራችንንም ያከናወንነው በበጋና በክረምት መግቢያ ላይ በእግር እየተዘዋወርን፣ ነዋሪዎችን እየጠየቅን፣ እንዲሁም ቀላል ሙከራዎችን እያደረግን ነው። ያነጋገርናቸው ሰዎች በእምነት ስለ ነገሩን ስማቸውን አልጻፍንም።

ስለ ሠፈሩ

የኡራኤል ሠፈር ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ከመስቀል አደባባይ ወደ መገናኛ የሚወስደው ዐውራ መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያልፋል፤ በሰሜን ምዕራብ በኩል ካዛንቺስ ይገኛል። ካዛንቺስ የሚለው ስም የጣሊያን መንግሥት በወረራው ዘመን ለሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች መጠሪያ፣ ማለት ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ነው። ወር በገባ በ22ኛው ቀን፣ በተለይም በጥር 22ና በሐምሌ 22፣ ብዙ ሕዝብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመጣል። በእነዚህ ቀናት በመንገዱ ዳርና ዳር ጧፍ፣ ሻማ፣ ቆሎና የታሸገ ውሃ ይሸጣል።

የቀበና ወንዝ ከእንጦጦ ተራራ ተነሥቶ በቀበና ሠፈር በኩል ወርዶ ወደ ኡራኤል ይደርሳል። በበጋ ጊዜ ውሃው ጥቂትና ጥቁር ነው። ክረምት ሲገባ ግን በድንገት ሞልቶ በዳርቻው የከረመውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል። ይህ የበጋውና የክረምቱ ልዩነት ለምንናገርለት ጉዳይ ታላቅ ትርጉም እንዳለው ወደ ፊት እናሳያለን።

ሠፈሩ በቅርብ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ቤት ሲፈርስ ድንጋዩና እንጨቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ የውሃ ቱቦው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባስ፣ ጣሪያ ላይ ተወጥሮ የነበረው ላስቲክና የአሮጌው ፍራሽ ስፖንጅ ከፍርስራሹ ጋር ይደባለቃል። ከቆርቆሮውና ከብረቱ የሚሸጠው ተለቅሞ ሲወሰድ ይህ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ደቃቅ ፕላስቲክ ማለት ምን ማለት ነው

ፕላስቲክ የምንለው ነገር ከተፈጥሮ የተገኘ አይደለም። በ1907 እ.ኤ.አ. ሊዮ ቤክላንድ የተባለው ኬሚስት ከሰው ሠራሽ ቅመሞች ብቻ የተገኘውን የመጀመሪያ ፕላስቲክ፣ ባክላይትን ሠራ። ዛሬ ፌስታልና ጄሪካን የሚሠሩበት ፖሊኤትሊን በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሀገር ተገኘ። በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ እጀታ ያለው የፕላስቲክ ከረጢት በስዊድናዊው መሐንዲስ በስቴን ጉስታፍ ቱሊን ስም የፈጠራ መብት ወጣለት። በ1950 እ.ኤ.አ. በዓለም በሙሉ በዓመት የሚመረተው ፕላስቲክ 2 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 460 ሚሊዮን ቶን ያህል ደርሷል። ከተጣለውም ፕላስቲክ ተመልሶ በሥራ ላይ የሚውለው ከመቶ 9 እጅ ያህል ብቻ ነው።

ርዝመቱ ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነ የፕላስቲክ ቅንጣት ሁሉ ደቃቅ ፕላስቲክ ይባላል። እንግዲህ ትልቁ አንድ ፍሬ ምስር ያህል ሲሆን፣ ትንሹ ከጤፍ ፍሬ እጅግ አንሶ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ስሙን በሰፊው ያስተዋወቀው በእንግሊዝ ሀገር የፕሊማውዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ሪቻርድ ቶምሰን ሲሆን፣ ይህም በ2004 እ.ኤ.አ. በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ስላገኛቸው ስብርባሪዎች በጻፈው ጥናት ነው።

ደቃቅ ፕላስቲክ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ገና ሲሠራ ደቃቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ለምሳሌ በአንዳንድ የፊት መታጠቢያ ቅባቶች ውስጥ ይጨመሩ የነበሩት ትንንሽ ክብ ቅንጣቶች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ከትልቅ ዕቃ ተሰብሮ፣ ተፍቆ ወይም ተበጥሶ የሚወጣ ነው። በሠፈራችን የሚገኘው አብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ነው።

ትልቁ ዕቃ እንዴት ወደ ደቃቅ እንደሚለወጥ ለመረዳት አንድ ቀላል ነገር መመልከት ይበቃል። በአጥር ሽቦ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ፌስታል በጥቅምት ሲታይ ለስላሳ ነው፤ በሚያዝያ ቢነኩት ግን በጣት ውስጥ ይፈረካከሳል። ቢጫ ጄሪካንም ብዙ ጊዜ ደጅ ሲያድር መልኩ ይገረጣል፤ በእጅ ሲታሽም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይተዋል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ፕላስቲክ እንደ ረጅም ሰንሰለት ከተያያዙ ሞለኪውሎች የተሠራ ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው የማይታይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ከአየር ኦክሲጅን ጋር ሆኖ ይህን ሰንሰለት ይቈራርጠዋል። ሰንሰለቱ ሲያጥር ዕቃው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎም ነፋስና የሰው እግር ይፈጨዋል። የዚህ ጨረር ኀይል ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በጋዋም ረጅም የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ በከተማችን የተጣለ ፕላስቲክ ቶሎ ይሰባበራል።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መሰባበር ማለት መጥፋት ማለት አይደለም። አያቶቻችን ይገለገሉበት የነበረው ቅል፣ አቁማዳ፣ መሶብና እንስራ ሲያረጅና ሲሰበር ተመልሶ አፈር ይሆን ነበር። ቅሉንና ቆዳውን ተዋስያን ይበሉታል፤ ሸክላውም ከመጀመሪያው አፈር ነው። ፕላስቲክን ግን እንዲህ በቶሎ የሚበላ ተዋስያን የለም። ከዐይናችን ሲሰወር «በሰበሰ» እንላለን እንጂ ነገሩ ቍጥሩ በዝቶ መጠኑ አንሶ ይኖራል።

በሠፈሩ ውስጥ ከየት ይመጣል

ጥናታችንን ስንጀምር ጥፋቱ ሁሉ የፌስታል ይመስለን ነበር። ፌስታል በእርግጥ የማይገባበት ቤት የለም፤ እንጀራው፣ ስኳሩ፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም በፌስታል ይገባል። ቀጥሎ ሃይላንድ አለ። ሃይላንድ መጀመሪያ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበረ፤ አሁን ግን ማንኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ በዚህ ስም ይጠራል። ከዚያም ማዳበሪያ የምንለው ጆንያ አለ። ስሙ የአፈር ማዳበሪያ ከሚታሸግበት የመጣ ሲሆን ከፕላስቲክ ክር የተሸመነ ነው፤ ከሰል፣ ድንችና ጤፍ ይጫንበታል። አሮጌ ማዳበሪያ በተያዘ ቍጥር ክሩ እየተሰበረ እንደ ገለባ ሲረግፍ በከሰል መሸጫ ቦታዎች አይተናል።

ይሁን እንጂ እየተዘዋወርን ስንመለከት ከዚህ በፊት ያላሰብናቸው ሌሎች ምንጮችም አገኘን።

ከእነዚህ አንዱ የቡና ሣር ነው። በመንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ከረከቦቱ ሥር ቄጠማ ይጐዘጕዙ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ያነጥፋሉ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ቡና ሻጭ ዘንድ ተቀምጠን ስንጠጣ «እማማ፣ ቄጠማውን ለምን ተዉት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ቄጠማ በየቀኑ ይገዛል፣ በማግሥቱ ይጠወልጋል። ይኼ ግን አንዴ ከተገዛ ዓመት ይከርማል፤ እኔ በምን ዐቅሜ ነው ልጆቼ በየቀኑ ቄጠማ የምገዛው?» አሉን። ሣሩን በእጃችን ብናሸው ደቃቅ አረንጓዴ ክር በመዳፋችን ላይ ቀረ። እማማም ይህን አይተው «እሱስ ይረግፋል፤ ማታ ማታ ጠርጌ ወደ ቦዩ ነው የምለቀው» አሉ። ቦዩ ወደ ወንዙ ይወርዳል። እኒህ እናት አንድም ጥፋት አላደረጉም፤ ቦታቸውን ንጹሕ አድርገው ከመያዝ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ጸጉር ነው። በሠፈሩ ያሉት የሴቶች ጸጉር ቤቶች ለሹሩባና ለዊግ የሚጠቀሙበት ሰው ሠራሽ ጸጉር ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ነው። ጫፉ ሲቈረጥና ሲተኰስ የሚወድቀው ብጣሽ ከተፈጥሮ ጸጉር ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

ሦስተኛው እሳት ነው። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል ወይም የላስቲክ ቍራጭ ከሥር ማንደድ የተለመደ ነው። ላስቲኩ በከፊል ይቃጠላል፤ የቀረው ቀልጦ ጠብ ጠብ እያለ ከአመዱ ጋር ይቀላቀላል፤ አመዱም ወደ ደጅ ይደፋል። ጢሱ ደግሞ ምድጃው አጠገብ የተቀመጠውን ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ እናቶችንና ሕፃናትን ያገኛል።

አራተኛው የመኪና ጎማ ነው። ጎማ ሲሠራ ከተፈጥሮ ላስቲክ ጋር ከነዳጅ ዘይት የተገኘ ሰው ሠራሽ ላስቲክ ይቀላቀልበታል። መኪናው ፍሬን በያዘ፣ በተነሣና በታጠፈ ቍጥር ጎማው በአስፋልቱ ላይ ይፋቃል። በዐውራ መንገዱ ዳር የሚከማቸው ጥቁር አቧራ የዚህ ፍቅፋቂ አለበት። የመጀመሪያውም የክረምት ዝናብ ይህን አቧራ አጥቦ ወደ ቦይ ያወርደዋል።

አምስተኛውና እኛን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠን ግን የገዛ ልብሳችን ነው። ሰልባጅ ተራ የሚገዛው ሹራብ፣ የስፖርት ልብስ፣ ብርድ ልብስና ጃኬት አብዛኛው ከአክሪሊክ ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው። ከመካከላችን የአንዱን ቀይ ሹራብ በሳፋ አጥበን እጣቢውን በነጭ የጥጥ ጨርቅ አጠለልነው። ጨርቁ ላይ የቀረውን በኮሌጃችን ማይክሮስኮፕ ስንመለከተው ቀያይ ስስ ክሮች እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው አየን። የጥጥ ክር ሊሆን ይችላል በማለት በጋለ መርፌ ነካነው። ጥጥ ቢሆን ኖሮ ጠቍሮ አመድ ይሆን ነበር፤ ይህ ግን ተኰራምቶ ቀለጠ። በእንግሊዝ ሀገር በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 6 ኪሎ የአክሪሊክ ልብስ በመኪና አንድ ጊዜ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ ክር ሊወጣ እንደሚችል ገምቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባወጣውም ግምት ደቃቅ ሆነው ከተለያየ ቦታ ተነሥተው ባሕር ከሚገቡት የፕላስቲክ ቅንጣቶች ከመቶ 35 እጅ ያህሉ ከልብስ አጠባ፣ ከመቶ 28 እጅ ያህሉ ደግሞ ከጎማ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ሌላውን ለመክሰስ የወጣን ተማሪዎች ከተከሳሾቹ መካከል ሆነን ተገኘን።

ቆራሌው የሚወስደውና የማይወስደው

በሠፈሩ ውስጥ ፕላስቲክን ከመሬት የሚያነሣ ሠራተኛ ቢኖር ከሁሉ አስቀድሞ ቆራሌው ነው። ጧት ማዳበሪያውን በትከሻው አንጠልጥሎ «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ ይዞራል። ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ እንደ መጣ ይነገራል። ዛሬ ግን ከቆርቆሮው ይልቅ ማዳበሪያውን የሚሞላው ሃይላንድ ነው። እንደ እርሱ የሚዞረው ልዋጭ ደግሞ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ በምትኩ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ሌላ ዕቃ ይሰጣል። የተሰበሰበው ወደ መርካቶ ይወሰዳል፤ እዚያም የሚጠገነው ምናለሽ ተራ፣ የሚፈጨው ወደ ፋብሪካ ይሄዳል።

አንድ ወጣት ቆራሌው አስቁመን «ወንድም፣ ሃይላንዱን ስትወስድ ፌስታሉን ለምን ትተወዋለህ?» አልነው። ሳቀና «ፌስታል ማን ይመዝነዋል? ይህን ማዳበሪያ ሙሉ ፌስታል ብለቅም ግማሽ ኪሎ አይሞላም፤ ደግሞም ቆሻሻ የነካውን ማንም አይገዛኝም» አለን። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ የነገሩ ምስጢር አለ። ከመሬት የሚነሣው ዋጋ ያለውና ክብደት ያለው ነው። የሚቀረው ስሱ፣ ቀላሉና የቆሸሸው ነው፤ ቶሎ ተሰባብሮ ደቃቅ የሚሆነውም ይኸው ነው። ያልተለቀመው ከፊሉ በከተማው ቆሻሻ መኪና ተጭኖ ወደ ሬፒ ይሄዳል። ይህ ቆሼ የተባለው ሥፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ያጠፋ መሆኑ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ በዚያው አጠገብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመርቋል። ከፊሉ ግን መኪናውንም አያገኝም፤ በቦይና በነፋስ ወደ ወንዝ ይገባል።

ውሃው ወዴት ይሄዳል

አሁን ጓደኞቻችን ወደ ጠየቁን ጥያቄ እንመለስ።

ከኡራኤል የወጣው ውሃ ወደ ቀበና ወንዝ ይገባል። ቀበና ከሌሎቹ የከተማው ወንዞች ጋር ተገናኝቶ ወደ ታላቁ አቃቂ ይወርዳል፤ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ከአባ ሳሙኤል የወጣው ውሃ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል። አዋሽ በ1960 እ.ኤ.አ. በተሠራው በቆቃ ግድብ ውስጥ አልፎ፣ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ እርሻ አጠጥቶ፣ በአፋር በረሓ እየቀነሰ ሄዶ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕር አይደርስም።

ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ላይ ሁላችንም የተማርነው ነገር ነው። ስለ ፕላስቲክ ሲታሰብ ግን ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። ባሕር የሚደርስ ወንዝ ያለው ሀገር የቆሻሻውን ከፊል ወደ ውቅያኖስ ይሰዳል፤ ይህም ክፉ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከራሱ ያርቀዋል። የእኛ ወንዝ ግን የተሸከመውን ሁሉ በመንገዱ ላይ፣ በግድቡ ደለል፣ በእርሻው አፈርና በመጨረሻው ሐይቅ ውስጥ ይተወዋል። ክረምት ውሃው ሲሮጥ ደቃቁን ይዞ ይሄዳል፤ ግድብ ላይ ሲደርስ ይረጋጋል፣ የያዘውንም ያስቀምጣል። ስለዚህ ባሕር ስለሌለን ነገሩ አይመለከተንም የሚለው አስተሳሰብ የተገለበጠ ነው። ባሕር ስለሌለን ነው ይበልጥ የሚመለከተን።

ጉዳዩ ደግሞ በዚህ አያቆምም። በከተማው ውስጥና በአቃቂ በኩል በወንዙ ዳር ያሉ አትክልተኞች በዚሁ ውሃ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ያለማሉ። በበጋ ጊዜ ሌላ ውሃ ስለሌላቸው ነው። አትክልቱ ሌሊት ተጭኖ ጧት ወደ ከተማው ገበያ ይገባል፤ ከዚያም ተከፋፍሎ በየሠፈሩ ጉልት ላይ ይቀርባል። ከላይኛው ሠፈር ታጥቦ የወረደ ነገር ከታችኛው እርሻ በጎመን ላይ ሆኖ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

ይህም ግምት ብቻ እንዳይመስል በሀገራችን ከተደረገው ጥናት አንዱን እንጥቀስ። የዝዋይ ሐይቅ፣ አሁን ደምበል የሚባለው፣ እንደ አዋሽ ሁሉ ውሃው ባሕር በማይደርስ ተፋሰስ ውስጥ የሚገኝ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከሐይቁ የተያዙ አራት ዓይነት ዓሦችን መርምሮ ከዓሦቹ በመቶ 35 ያህሉ በሆድ ዕቃቸው ውስጥ ፕላስቲክ እንደ ተገኘ ገልጿል። ከሐይቁም ሥር በወጣው ደለል ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። በቄራዎች የሚደረጉ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶችም በከብትና በበግ ጨጓራ ውስጥ ከሚገኙት ባዕድ ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ቀዳሚ እንደ ሆነ ያሳያሉ። ከብቱ ፌስታሉን የሚውጠው የምግብ ሽታና ጨው ስላለበት ነው።

ስለ ጤና የሚታወቀው

በዚህ ረገድ ማጋነንም ማቃለልም ተገቢ አይደለም። የተረጋገጠው ነገር ደቃቅ ፕላስቲክ ወደ ሰው ሰውነት የሚገባ መሆኑ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በሆላንድ ሀገር ከ22 ደም ሰጪዎች የተወሰደ ደም ተመርምሮ በ17ቱ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። በ2024 እ.ኤ.አ. የኢጣሊያ ሐኪሞች በአንገታቸው የደም ሥር ውስጥ የተጋገረውን ስብ በቀዶ ሕክምና ያወጡላቸውን 257 ሰዎች ተከታትለው ነበር። ከእነዚህም ከግማሽ በሚበልጡት ስብ ውስጥ ፖሊኤትሊን አገኙ፤ ፕላስቲክ የተገኘባቸውም ሰዎች ካልተገኘባቸው ይልቅ በቀጠሉት ዓመታት በልብ ድካም፣ በአንጐል ደም መፍሰስና መርጋት ወይም በሞት ይበልጥ ተጠቅተዋል። ይህ ጥናት ፕላስቲኩና ሕመሙ አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም፤ ሐኪሞቹም ይህንኑ ተናግረዋል።

ከዚህ ሌላ ፕላስቲክ ሲሠራ ለማለስለስ፣ ለማቅለምና እሳትን ለመከላከል ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። ደቃቁ ቅንጣት እነዚህን ይዞ ይጓዛል፤ በወንዙም ውስጥ ያገኘውን ሌላ መርዝ በላዩ ይለጥፋል። የአዲስ አበባ ወንዞች የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚቀላቀልባቸው ስለ ሆኑ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ስለ ሕጉና ሊደረግ ስለሚገባው

መንግሥት ስለ ፕላስቲክ ከረጢት ሕግ ያወጣው ዛሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቍጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ስሱ ከረጢት አይለቀምም፣ ቶሎም ይሰባበራልና። ነገር ግን አዋጁ ከወጣ በኋላም ለብዙ ዓመታት ስስ ፌስታል ከየሱቁ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

ሕግ ወጥቶ እንዳይሠራ የሚያደርገው የሰው ክፋት ሳይሆን ምትክ ማጣት እንደ ሆነ በሠፈሩ ተረድተናል። ፌስታል ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፤ ዝናብ ቢመጣ አይበሰብስም። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ፌስታል ብትከለከል ገዢዋ ዘንቢል ካላመጣ ዕቃዋን በምን ትሰጠዋለች? እንግዲህ የሕጉ ሸክም በሻጯ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ገዢውም ዘንቢሉን ይዞ የመውጣትን የጥንት ልማድ መመለስ ይኖርበታል። ይህ ልማድ የጠፋው በእኛና በወላጆቻችን ዕድሜ ስለ ሆነ መመለሱ ከባድ አይሆንም።

ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉትን አራት ነገሮች እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ወደ ወንዝ የሚወርዱት ቦዮች ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ማለት በሚያዝያና በግንቦት ቢጠረጉና የተጠረገው ነገር ከቦታው ቢነሣ፣ በበጋ የተከማቸው ሁሉ በመጀመሪያው ጎርፍ እንዳይወሰድ ይረዳል። ጠርጎ በቦዩ ዳር መቈለል ግን ምንም አይጠቅምም።

ሁለተኛ፣ ስሱ ፕላስቲክ በክብደት ብቻ ሲገዛ ለቆራሌው አያዋጣውም። ለእርሱ የሚከፈለው በሌላ መንገድ ቢሰላ፣ ለምሳሌ ለሠፈሩ ጽዳት ከሚከፈለው ገንዘብ ድርሻ ቢሰጠው፣ ማንም የማያነሣውን ሊያነሣ ይችላል። ስለ ፕላስቲክ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ሆኖ ሳለ በምክር ጊዜ የሚጠይቀው አላየንም።

ሦስተኛ፣ ከሰልን በላስቲክ ማቀጣጠል ፈጽሞ ሊቀር ይገባዋል። በቀጭን ፍልጥ ወይም በወረቀት ማቀጣጠል ይቻላል፤ የሚጠይቀው ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

አራተኛው እኛን ተማሪዎችን የሚመለከት ነው። ሰው ሠራሽ ልብስን ሳይቆሽሽ አለማጠብ፣ በሚፈላ ውሃ አለመዘፍዘፍ፣ እጣቢውንም በጨርቅ አጥልሎ የቀረውን ክር ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ መጣል ይቻላል። የጥጥ ልብስ በሚገኝበት ጊዜም እርሱን መምረጥ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገሩ ራሱ ግን የትንንሾች ክምችት ነው።

መደምደሚያ

ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማውን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሥራ ታቅዶ በልዩ ልዩ ቦታ ተሠርቷል። በዳርቻው ዛፍ መተከሉና መናፈሻ መሠራቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ የወንዝ ንጽሕና የሚጀምረው ከዳርቻው ሳይሆን ወደ እርሱ ከሚወርደው ቦይ፣ ቦዩም ከሚነሣበት ግቢና ከእያንዳንዱ ሰው ሳፋ ነው።

ጥናታችንን ከጨረስን በኋላ ውጤቱን ለመንገር ወደ ቡና ሻጯ እናት ተመለስን። ስለ ወንዙና ስለ አቃቂ ጎመን የምናውቀውን ስናስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያም «እንግዲያው ጠርጌ የማወጣውን በማዳበሪያ አጠራቅሜ ለመኪናው እሰጣለሁ፤ ወደ ቦይ መድፋት ይቅር። እናንተስ ያንን ሹራብ ምን አደረጋችሁት?» ብለው ጠየቁን። ሹራቡን አልጣልነውም፤ ብንጥለው እንኳ የሚደርስበት ከዚህ በላይ የጻፍነው ነው። ባለቤቱ እስኪያልቅ ሊለብሰው፣ ሲያጥበውም ሊያጠልለው ተስማምተናል።

ይህ ጽሑፍ በአንድ ሠፈር ብቻ የተወሰነ ነው። የአቃቂን አትክልት እርሻዎችና የአባ ሳሙኤልን ደለል የሚመረምር የተማሪዎች ቡድን ቢነሣ እኛ እስከ ወንዙ ዳር የተከተልነውን ነገር እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይችላል። መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን በጽሑፋችን የሚያገኙትን ጉድለት እንዲያመለክቱን በትሕትና እንጠይቃለን።